ቅቤና ንዳድ

ቅቤ አሶሳ ሲደርስ ጠባዩን ይለውጣል። በ1980ዎቹ ዓመታት እዚያ የባዮሎጂ መምህር በነበርሁበት ጊዜ፣ እናቴ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከደብረ ብርሃን ቅቤ ትልክልኝ ነበር። ሲነሣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ጣሳ ውስጥ የገባው ቅቤ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አድርጎ፣ ከአዲስ አበባ ብቻ እንኳ ከ650 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ሲንገላታ ከርሞ እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ በክዳኑ ሥር አፈትልኮ አብሮት የተላከውን ደብዳቤ ጭምር አርሶት ይገኛል። የእናቴን ምክር ሁሉ ያነበብሁት በቅቤ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እዚያው መደርደሪያ ላይ የምትቀመጠው የኑግ ዘይት ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም። የአሶሳ የመጋቢት ፀሐይም ያቃጥላት፣ የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭም ያግኛት፣ ዘይት ዘይት ናት።

ይህን የማነሣው ስለ ምግብ ለማውራት አይደለም። አንባቢዬም እኔም የተሠራንበት እያንዳንዱ ሕዋስ የተጠቀለለበት ሽፋን ከዚሁ ከቅቤና ከዘይት ዘር ስለሆነ ነው። ሽፋኑ እንደ ቅቤው ጠጥሮ ቢቀር ኑሮ የለም። እንደ ውሃ ልቅ ቢሆንም ኑሮ የለም። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ ይዞ መገኘት አለበት። አሶሳ ደግሞ ይህ ነገር ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ የሰው ሕይወት ሲሆን ያየሁበት ከተማ ነው።

ቅቤ የሚጠጥረው ዘይት የማይጠጥረው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ ቤንሻንጉል ጉሙዝን የመሰለ መማሪያ አገር የለም። የቀርከሃ አገር ነውና። ተማሪዎቼን ወደ ግቢው አወጣና አንድ እስር ቀርከሃና አንድ እስር የግራር እንጨት አስመጣለሁ። ቀርከሃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ጎን ለጎን ሲታሰር እጅ አያስገባም። ግራሩ ግን ጠማማ ነው። የፈለገውን ያህል ገመዱን ቢያጠብቁት በመካከሉ ድመት ታልፋለች። የቅባት ሞለኪውልም ረጅም ጭራ አለው፣ በተርታ የተያያዘ የካርቦን ሰንሰለት። ሰንሰለቱ በሃይድሮጅን የጠገበ ከሆነ እንደ ቀርከሃው ቀጥ ይላል፤ ጎን ለጎን ተጣብቆ ይደረደራል፤ ይጠጥራል። ካልጠገበና በመካከሉ ድርብ ማያያዣ ካለበት እዚያ ላይ ይጎብጣል፤ እንደ ግራሩ አልታሰር ይላል። ከቅቤ ቅባት አብዛኛው ቀርከሃ ነው። ኑግና ሰሊጥ ግን ግራር ይበዛባቸዋል። ሚስጥሩ ይኸው ነው።

የሕዋስ ሽፋን የሚሠራበት ቅባት አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። ጭራው ውሃ ይጠላል፣ ራሱ ደግሞ ውሃ ይወዳል። እንዲህ ያለውን ነገር ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ጭራና ጭራው ተያይቶ ይደበቃል፤ ራስና ራሱ ወደ ውሃው ይወጣል። ሁለት ረድፍ ሆነ ማለት ነው። ማንም አልገነባውም፤ ከውሃ መሸሽ ብቻውን ገነባው። ይህን በልኬት ያስተዋሉት ሁለት ሆላንዳውያን፣ ጎርተርና ግሬንደል፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ከሰው፣ ከውሻ፣ ከበግ፣ ከፍየል ደም ቀይ ሕዋስ እየወሰዱ ቅባቱን አወጡና ውሃ ላይ አንጣፈፉት። የሸፈነው ስፋት ከሕዋሶቹ ገጽ ስፋት ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሽፋኑ ድርብ ነው አሉ። ኋላ ሲመረመር ሰዎቹ ሁለት ጊዜ ተሳስተው ነበር። ቅባቱን አሟጠው አላወጡም፤ የሕዋሱንም ስፋት አሳንሰው ለክተዋል። ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተው መልሱ ልክ ሆነ! ሳይንስም አንዳንዴ ዕድለኛ ይሻል። የዚህ ድርብ ረድፍ ውፍረት አምስት ናኖሜትር ያህል ነው። አሥር ሺህ ያህሉ ቢደራረብ ገና አንድ ጠጉር ቢያክል ነው።

ሽፋኑ የቆመ ግድግዳ አለመሆኑ የታወቀው ደግሞ ብዙ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ፍራይና ኤዲዲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሰውን ሕዋስና የአይጥን ሕዋስ አጣብቀው አንድ አደረጉ። የሰውየው ፕሮቲኖች በአንድ ቀለም፣ የአይጧ በሌላ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸዋል። መጀመሪያ ላይ ግማሹ ወገን አንዱን ቀለም፣ ግማሹ ሌላውን ይዞ ይታያል። አርባ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ግን፣ በሰውነት ሙቀት ላይ እስካለ ድረስ፣ የሰውና የአይጥ የሚባል ወገን ጠፍቶ ቀለሙ ተደባለቀ። ቀዝቃዛ ቦታ ቢያስቀምጡት ግን አይደባለቅም፤ እየራሱ ይቆማል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ሲንገርና ኒኮልሰን ነገሩን ሰብስበው «ፈሳሽ ሞዛይክ» የሚል ስም ሰጡት። ሞዛይክ ያሉት ቅባቱ ላይ ፕሮቲኖች እንደ ጠጠር ተሰክተው ስለሚታዩ ነው። ፈሳሽ ያሉት ጠጠሮቹ ስለሚንሸራተቱ ነው። አንድ የቅባት ሞለኪውል በአንድ ሴኮንድ ያህል ጊዜ ውስጥ የአንዲት ባክቴሪያን ርዝመት ያቋርጣል። ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው መገልበጥ ግን ብርቅ ነው። ወደ ጎን እንደልብ፣ ወደ ውስጥ በስንት መከራ። (ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህ ሥርዓት አይከብደውም።)

አንድ ቀን ይህን ሳስተምር፣ ከኋላ ተቀምጦ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሽፋናችን ቅባት ከሆነ የአሶሳ ፀሐይ ለምን አያቀልጠንም?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ አልሰማሁም። መልሱ፣ ቀልጠናል የሚል ነው። ሽፋናችን አስቀድሞ የቀለጠ ነው፣ መቅለጡም ግዴታ ነው። ሕዋሱ ተበታትኖ የማይቀረው ውሃው በውስጥም በውጭም አጥብቆ ስለያዘው ነው። የሕዋስ ሥጋት በመቅለጥ ብቻ አያበቃም፣ መጠጠርም አለበት። ለዚህ ነው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ብርድ ሲመጣ ከሽፋኑ ቀርከሃውን ቀንሶ ግራሩን የሚጨምረው። በረዶ ላይ የሚቆመው የሰሜኑ አጋዘን እግሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሽፋኑ እየላላ ይሄዳል ይባላል፣ ቅልጥሙ እንዳይጠጥር። እኛ 37 ዲግሪያችንን ይዘን ስለምንኖር ይህ ሁሉ አያሳስበንም፤ ደግሞም ኮሌስትሮል አለልን። ሐኪም ቤት ስሙ የከፋ ይሁን እንጂ ኮሌስትሮል በሽፋኑ ውስጥ ሽማግሌ ነው። ሲሞቅ የሚቅበዘበዘውን ጭራ ያዝ ያደርጋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጭራዎቹ ተጠጋግተው እንዳይጠጥሩ በመካከል ይገባል። በቀይ የደም ሕዋስ ሽፋን ውስጥ ካለው ቅባት ሞለኪውል ወደ ግማሽ የሚጠጋው እርሱ ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ እንግዲህ ለዚህ ነገር ዋና ምስክር ነው። ኑክለስ የለውም፤ የተሰበረበትን የሚጠግንበት ብልሃት የለውም። 120 ቀን ያህል በደም ሥር ውስጥ ሲንከራተት ይኖራል። ስፋቱ ሰባት ወይም ስምንት ማይክሮሜትር ሆኖ ከራሱ በጠበቡ ሥሮች ውስጥ ተጣጥፎ ማለፍ አለበት። ከሁሉ የከፋው ፈተና ያለው ጣፊያ ዘንድ ነው። እዚያ የሚያልፍበት ስንጥቅ አንድ ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ለመታጠፍ የሚችል ያልፋል፤ የደነደነ ይያዛል፤ ይጠፋል። ከሽፋኑ ሥር ስፔክትሪን የሚባል ፕሮቲን እንደ መረብ ተዘርግቶ ስለያዘው ነው ተጣጥፎ ካለፈ በኋላ ወደ መልኩ የሚመለሰው።

አሶሳ በነበርሁበት ዘመን የሻይ ቤቱ ወሬ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያው ወባ ነው። ከዝናቡ በኋላ ማን ተኛ፣ ማን ተነሣ ይባላል። ተሰብሳቢው ከየአገሩ የመጣ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ የመጡ የሠፋሪዎች ልጆችም አሉ። ሠፋሪዎቹ ወባን የማያውቅ ደጋ ሰው ሆነው ቆላ ገብተው ምን እንዳዩ ሲያወሩ መስማት ይከብዳል። ወሬው ሲሞቅ ታዲያ አንዱ መነሣቱ አይቀርም። «በርታዎቹንና ጉሙዞቹን ወባ አይነካቸውም፣ ደማቸው ሌላ ነው።» ይህን የሚለው ሰው አንዳንዱ በቅናት ነው፣ አንዳንዱ በንቀት። የበርታ ጓደኞቼም ሲሰሙት አንዳንዱ ይኮራበታል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል።

ጎረቤቴ ሽማግሌ የበርታ ሰው ነበሩ። እኔን «ኡስታዝ» ይሉኛል፤ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። ማታ ማታ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ስናወራ ንዳድ ይዟቸው እንደሆነ ብጠይቃቸው ይሥቁ ነበር። «በልጅነቴ ከእኔ ጋር ስንት ልጅ እንደተጫወተ ታውቃለህ ኡስታዝ? አሁን ከእነዚያ ማን አለ?» አሉኝ አንድ ቀን። ከዚህ የተሻለ የሕክምና ትምህርት የለም። ወባ ወዳለበት አገር ተወልዶ በየዓመቱ እየታመመ ያደገ ሰው አካሉ ተውሳኩን መዋጋት ይለምዳል፤ አዋቂ ሲሆን በሽታው ብዙ አይጥለውም። የልማዱ ዋጋ ግን የተከፈለው በልጆች ነው። የሻይ ቤቱ ሰዎች የሚያዩት የተረፉትን ነው።

የአባባ የልጅ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነበር። በጥቅምት አንድ ሐሙስ ትኩሳት ያዛት፣ ዓርብ ተነሥታ ተጫወተች፣ ቅዳሜ ማታ አቃዣት፣ እሑድ ጧት አልሰማ አለች። ስሟን ሲጠሯት ዓይኗ ይከፈታል፤ አያይም። አባቷ ተሸክሟት ወደ ሆስፒታል ሲሮጥ እኔም ፋኖስና ብርድ ልብስ ይዤ ተከተልሁ። የተረኛው ሐኪም ደሟን አስመርምሮ «ፋልሲፓረም ነው፤ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል» አለ። ኪኒን በጉሉኮስ ተደርጎ ተሰቀለላት። ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ ከሠፋሪ መንደር የመጣ ወንድ ልጅ ተኝቶ ነበር፤ የእርሷ እኩያ ይመስላል። በሽታቸው አንድ፣ መድኃኒታቸው አንድ። ሁለቱ እናቶች ቋንቋ አይግባቡም፤ ግን ጨርቅ እያራሱ በየተራ ለሁለቱም ልጆች ግንባር ያደርጉ ነበር። አንዷ ስታንቀላፋ ሌላዋ ሁለቱን ትጠብቃለች። ማክሰኞ ሌሊት ልጁ ሞተ። ረቡዕ ልጅቱ ውሃ ጠየቀች።

በእነዚያ ሁለት ልጆች አካል ውስጥ የሆነው ነገር ከቅቤው ጉዳይ ጋር አንድ ነው። የወባ ተውሳክ ቀይ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው በአንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ሽፋኑን ቀዶ አይገባም። ተጠግቶ ይጣበቅና ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይጎነትለዋል፤ ሽፋኑ ፈሳሽ ነውና እየተጠቀለለ ይከተለዋል፤ በመጨረሻ ተውሳኩ ከባለቤቱ ሽፋን በተቆረሰ ከረጢት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ሕዋሱ ሳይቀደድ ቤቱን ለሌባ ሰጠ። ከዚያ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ሕዋሱን ያደነድነዋል። ሽፋኑ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ያበቅላል፤ በጉብታዎቹም ላይ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖች ይሰካል። የደነደነ ሕዋስ ጣፊያ ዘንድ ቢደርስ ተይዞ መጥፋቱ ስለሆነ፣ ወደዚያ እንዳይሄድ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። በብዙው ሲጣበቅ ቀጭኑ ሥር ይዘጋል። ሥሩ የጭንቅላት ሲሆን ልጅ ስሟ ተጠርቶ አትሰማም።

ታዲያ «ደማቸው ሌላ ነው» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ፍጹም ውሸት ቢሆን መተው በቀለለ። ችግሩ ሩብ ያህሉ እውነት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ዳፊ የተባለ፣ ደም ተደጋግሞ የተሰጠው ሕመምተኛ ዘንድ አንድ አዲስ የደም ዓይነት ምልክት ተገኘና በስሙ ተጠራ። ምልክቱ በቀይ ሕዋስ ሽፋን ላይ የተሰካ ፕሮቲን ነው፤ ከሲንገርና ከኒኮልሰን ጠጠሮች አንዱ በሉት። በ1975 እና በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ሕዋሱ ለመግባት ይህን ፕሮቲን እንደ በር እጀታ ይጨብጣል። እጀታው ከሌለ መግቢያ ያጣል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከመቶ ሰው ከዘጠና አምስት የሚበልጠው እጀታው የለውም። በ1995 ምክንያቱ ሲታወቅ ደግሞ አስገራሚ ሆነ። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን ደኅና ነው፤ በቀይ ሕዋስ ውስጥ የሚያበራው ማብሪያ ላይ ግን አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ያው ሰው በሌሎች ሕዋሶቹ ላይ ዳፊ አለው፤ በቀዩ ላይ ብቻ የለውም።

ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ልዩ አገር ናት። እጀታው ያለውና የሌለው ሰው በአንድ ገበያ የሚገናኝባት፣ ቫይቫክስና ፋልሲፓረምም ጎን ለጎን የሚኖሩባት ናት። በምዕራቡ ቆላ ካሉት ሕዝቦች እጀታው የሌለው ሰው ይበዛል፤ በደጋው ያለው ይበዛል። ስለዚህ የሻይ ቤቱ ሰው በቫይቫክስ ጉዳይ አንድ ነገር አይቷል። ለፋልሲፓረም ግን ዳፊ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ እርሱ በሌሎች በሮች ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለውም እርሱ ነው። አንድ እጀታ ስለጎደለው ቤቱ ሁሉ የተዘጋ መስሎት ልጁን ሳያሳክም የሚውል ሰው ካለ፣ ወይም የበርታ ልጅ ሲያተኩሳት «እነርሱን አይነካም» ብሎ ምርመራ የሚያዘገይ ካለ፣ ወሬው ነፍስ ያጠፋል። እኔ በግሌ ከወባ ይልቅ ይህችን ወሬ ስፈራ ኖሬአለሁ፤ ለወባ መድኃኒት አለው።

እጀታው ራሱ ደግሞ እንደታሰበው አስተማማኝ አልሆነም። በ2010 ከማዳጋስካር የወጣ ጥናት ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው መገኘታቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ ከኢትዮጵያም ተመሳሳይ ውጤት ተዘግቧል። ተውሳኩ ሌላ መግቢያ እየፈለገ ነው ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ግን በ2020 ከኬንያ ጠረፍ፣ ከኪሊፊ ልጆች ደም የተገኘው ነው። ዳንቱ የሚባል የደም ዓይነት ያላቸው ልጆች ከከባድ ወባ በጉልህ እንደሚጠበቁ አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ ሽፋኑ ምን ያህል እንደተወጠረ ለኩ። የዳንቱ ሕዋስ ሽፋን ከሌላው የበለጠ የተወጠረ ሆኖ ተገኘ። ተውሳኩ ይጠጋል፣ ይጣበቃል፣ ይገፋል፤ ሽፋኑ ግን እንደ ጠበቀ ከበሮ አልጎድጉድ ይለዋል። ደግሞ በማንም ሰው ደም ውስጥ እንኳ ሕዋሶቹ እኩል አይወጠሩም። ውጥረታቸው ከተወሰነ ልክ ያለፈው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ የላሉት ይያዛሉ። እንግዲህ ደም «ሌላ» የሚሆነው በሰውና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰው ጣት ላይ በምትወጣ ጠብታ ውስጥም ነው።

በነገራችን ላይ፣ ውሃ በሕዋስ ሽፋን የሚያልፍበትን ልዩ ቦይ በቀይ ሕዋስ ውስጥ ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግር በ2003 ኖቤል ተሸልሞ፣ ኋላ ፊቱን ወደ ወባ ምርምር አዞረ። ሽፋን ያጠና ሰው ወባ ዘንድ መድረሱ አልቀረም።

አሶሳን ከለቀቅሁ ብዙ ዘመን ሆነ። አባባ አርጅተው አርፈዋል፤ የልጅ ልጃቸው አድጋ ራሷ እናት መሆኗን ሰምቻለሁ። ወባው ግን እንደገና በርትቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። የምዕራቡ ቆላም ከዋናዎቹ ተጠቂዎች አንዱ ነው።

ያ ስለ ፀሐይ የጠየቀኝ ልጅ ዛሬ እዚያው ክልል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። በቅርቡ ሲያወራኝ፣ መስተዋቱ ላይ የተቀባውን ደም ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው የሕዋሱን መጠን እንደሆነ ነገረኝ። ቫይቫክስ የገባበት ሕዋስ ይነፋል፣ ከጎረቤቶቹ ይተልቃል፤ ፋልሲፓረም የገባበት መጠኑ አይለወጥም፣ ቀለበት የምትመስል ነገር ብቻ ውስጡ ትታያለች። «ማን ምን እንደያዘው ስሙን ሳላይ ነው የምጽፈው» አለኝ። «ስሙን አስቀድሜ ካየሁ ዓይኔ የሚጠብቀውን ያያል።» በዚያ ሳምንት ከበርታ መንደሮች ከመጡት ሁለት ሰዎች ደም ውስጥ የተነፉ ሕዋሶች አግኝቶ፣ ለማረጋገጥ ሁለተኛ ሰው እንዲያያቸው መስተዋቶቹን ለይቶ አስቀምጧል።